ለስልሳ ቤት የተፈቀደ

በግቢያችን ከእጇ በቀር የምትደብቀው ነገር ያልነበራት ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ስትቆም እጆቿን ብብቷ ሥር ትከታቸዋለች፤ ስትቀመጥ ከጭኗ ሥር ታደርጋቸዋለች፤ ሰው ሰላም ሲላት መዳፏን ሳይሆን የእጅ አንጓዋን ትዘረጋለች። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ልብስ ያጠቡ እጆች ናቸው። የቀኙ ይብሳል። የቀለበት ጣቷና ትንሿ ጣቷ ከሥራቸው ተሰንጥቀው፣ ቁስሉ ሲደርቅ እየተተረተረ፣ ሲረጥብ እየመገለ ዓመት አልፎታል።

ሰፈሩ እትዬ በረኪና ይላታል። ስሙን ያወጡላት አማቷ ናቸው። የሟች ባሏ እናት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው አሮጊት፣ ዓይናቸው ማየት ካቆመ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አፍንጫቸውና ምላሳቸው ግን የዓይናቸውን ሥራ ደርበው ይሠራሉ። አንድ ቀን ምራታቸው ከሥራ ስትመለስ ገና የውጭውን በር ሳታልፍ፣ «በረኪና መጣች፣ ክፈቱላት» አሉ። ግቢው ሳቀ፤ ስሙም በዚያው ጸና። እሷ አልተቆጣችም። «ሰው በስንት ጥቁር ነገር ይሰየም የለ፤ እኔ በሚያነጣ ነገር መሰየሜ ምን ይከፋል» አለች።

ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። ወለሉ አፈር፣ ግድግዳው የተለሰነ ጭቃ። ያለችውን አንድ አልጋ እማማ ይተኙባታል። የእሷ ፍራሽ ሲነጋ ተጠቅልሎ ጥግ ይቆምና እንግዳ ሲመጣ መቀመጫ ይሆናል። ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠረ ገመድ አለ፤ ዝናብ በሚበዛበት ወራት የደንበኞቿ አንሶላ ከእማማ ራስ በላይ እዚያ ላይ ይሰጣል። «እኔ መጋረጃ የሚኖረኝ በዝናብ ወራት ብቻ ነው» ይላሉ እማማ፣ የሚንጠባጠበውን ከፊታቸው እየጠረጉ።

ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ ነው የሚባለው ነገር እነሱ ቤት ዘይቤ አልነበረም። የአንዲት ሴት እጅ ካልሠራ ሁለት አፍ አይበላም።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ፋሻውን ፈትታ ካየች በኋላ ብዙ አላወራችም። «ቁስሉ ወደ አጥንት እየሄደ ነው። ስድስት ወር ውኃ እንዳይነካዎት። በረኪናማ በጭራሽ።»

«ስድስት ቀን ነው ያልሽኝ?»

«ስድስት ወር። አለበለዚያ ጣቶቹን ያጧቸዋል።»

«እሱስ ይሁን። ስድስት ወር ምን እንበላለን?»

ነርሷ መሳቢያዋን ከፈተች። ስስ ጓንት ሰጠቻት። ጓንቱን በረኪናው በሁለተኛው ቀን በላው።

በዚያው ሰሞን ነው አንድ መኪና ድምፅ ማጉያ ጭኖ በሰፈሩ የዞረው። ማንኛውም ሰው ከከፋ ድህነት የሚወጣበት ፕሮግራም ተጀምሯል፤ ከሩቅ አገር የተገኘ ገንዘብ አለ፣ መንግሥትም የድርሻውን ይጨምራል፤ የተመረጠ ቤት ዐሥራ ሁለት ወር ሙሉ በየወሩ የድጋፍ ገንዘብ ይቀበላል፤ በስድስት ዓመት ውስጥ በዚህ አገር በጣም ደሀ የሚባል ሰው አይኖርም።

«እኛ ኖረን ነው ወይስ ሞተን?» አሉ እማማ ከአልጋቸው።

«በሁለቱም ይሆናል፣ እማማ» አለች ምራታቸው። ግን አፏ ይቀልድ እንጂ ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። ዐሥራ ሁለት ወር የሚያስፈልጋት ሰው አይደለችም። ስድስቱ ይበቃታል። ለቤት ኪራይና ለእህል የሚሆን ነገር ስድስት ወር ካገኘች እጇ ይድናል፤ እጇ ከዳነ የቀረውን ራሷ ታውቅበታለች። በመመረጧም አልተጠራጠረችም። «የኔ ድህነት ምስክር አያሻውም» ትል ነበር። «እጄን ያዩታል።»

መዝጋቢዎቹ የግቢውን የላይኛውን ረድፍ ማክሰኞ፣ የታችኛውን ረቡዕ እንደሚያዩ አስታወቁ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከላይኛው ረድፍ ልብስ ሰፊዋ ወደ እትዬ በረኪና ቤት ወረደች። ሰፊዋ ባሏ ጥሏት የሄደ፣ ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። የስፌት መኪና አላት፤ መኪናዋ ግን ልባሽ ጨርቅ በክምር ገበያ ከገባ ወዲህ አቧራ ጠጪ ሆናለች። ሰው የተሰፋ ልብስ በርካሽ እያገኘ ማን ጨርቅ ገዝቶ ያሰፋል? ሱሪ የሚያሳጥር ከመጣ እሱም በሳምንት አንዴ ነው።

«እትዬ፣ መኪና ካዩብኝ አልቆልኛል» አለች። «ቴሌቪዥኑም አለ፤ የማይሠራ መሆኑን ማን ያምነኛል? ለአንድ ቀን አንቺ ጋ ላስቀምጠው። አንቺን የሚያዩሽ ረቡዕ ነው። እኔን እንደጨረሱ ማክሰኞ ማታ መልሼ እወስደዋለሁ።»

«ቢያዩኝስ?»

«ረቡዕ ብለዋል እኮ! አደራሽን። ለማንም አትንገሪ።»

አደራ ከተባለ በኋላ እሷ ቤት ሌላ ክርክር የለም። የሰው ልብስ የምታጥብ ሴት የምትኖረው በአደራ ነው። ኪስ ውስጥ የተረሳ ገንዘብ፣ የተረሳ ቀለበት፣ አንዳንዴም የተረሳ ደብዳቤ ታገኛለች፤ ጠቅልላ ትመልሳለች፣ ያየችውንም አታወራም። ሃያ ሁለት ዓመት ደንበኛ ያላጣችው በዚህ ነው። መኪናዋን ከእማማ አልጋ አጠገብ አቆሟት፣ ቴሌቪዥኑን ላይዋ ላይ አስቀመጡት።

«ቤታችን ሰው ገባበት?» አሉ እማማ በእጃቸው እየዳበሱ።

«ሀብታም ሆነናል፣ እማማ፤ እስከ ነገ ማታ።»

ማክሰኞ በላይኛው ረድፍ ሁለት ቤቶች ተዘግተው ተገኙ። መዝጋቢዋ፣ ታብሌት የያዘች ቀጭን ልጅ፣ ሥራዋ ቀድሞ አለቀና ጊዜ ላለማባከን ወደ ታች ወረደች። እትዬ በረኪና ሳፋ ላይ አጎንብሳ ኮሌታ እያሸች ነበር። ቀና ስትል ልጅቷ በሩ ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋ ደግሞ ሰፊዋ ፊቷ አመድ መስሎ።

«ወለሉ አፈር ነው…» ልጅቷ ራሷ እያየች ታብሌቷን ነካ ነካ አደረገች። «በቀን ስንት ጊዜ ይበላሉ?»

«እንደ ቀኑ ነው» አሉ እማማ። «አንዳንዱ ቀን እሱ ራሱ ሳይበላ ነው የሚያድር።»

ልጅቷ ፈገግ አለች። ከዚያ ዓይኗ አልጋው አጠገብ አረፈ። «ቴሌቪዥን፣ አለ። የስፌት መኪና…» ጣቷን ሳታሳርፍ ቆየች። «የእርስዎ ነው?»

«እዚህ ነው ያለው» አለች እትዬ በረኪና።

«የሌላ ሰው ከሆነ ይንገሩኝ፣ እናቴ። ነጥቡን በጣም ነው የሚለውጠው።»

ሰፊዋ በሩ ላይ የቀሚሷን ጠርዝ ይዛ እየጠቀለለች ነበር። ዓይኗ ይለምናል። እትዬ በረኪና አየቻት፣ መኪናዋን አየች፣ መሬቱን አየች።

«የኔ ነው» አለች። ውሸት ስላልለመደች ደግሞ እዚያ ላይ ማቆም አልቻለችም። «አልፎ አልፎ እሰፋበታለሁ።»

ልጅቷ ያንንም መዘገበች። ተጨማሪ ገቢ፣ አለ።

«የአካል ጉዳት ያለበት ሰው?»

«እማማ ዓይናቸው አያይም። እኔም…» እጆቿን ከብብቷ ሥር አወጣች። ከነርሷ በቀር ለሰው ፊት ለፊት ስታሳያቸው ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ይመስለኛል። ልጅቷ አየቻቸው። ታብሌቱን ወደ ላይ ወደ ታች ገፋችው።

«ቅጹ ስለ ቁስል የሚጠይቅ ቦታ የለውም» አለች ቀስ ብላ። «እጅ አለ ወይስ የለም ነው የሚለው።»

«አለኝ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

ሰፊዋ ማክሰኞ ማታ ዕቃዋን ስትወስድ ሁለቱም አልተያዩም።

ከሁለት ወር በኋላ ዝርዝሩ በሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሰፊዋ አለች። እትዬ በረኪና የለችም። ሁለት ጊዜ አንባቢ ለምና አስነበበች፤ ሦስተኛው አንባቢ ሳይለመን፣ «እናት፣ እኔም የለሁበትም፤ ወረቀቱ ቢነበብ ቢነበብ አይጨምርም» አላት።

ቅሬታ ላለው ዐሥራ አምስት ቀን ተሰጥቷል። በማግስቱ ሄደች። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ያችው መዝጋቢ ነበረች፤ አወቀቻት፤ መጀመሪያ ያየችውም እጇን ነው።

«እኔ ያን ቀንም ጠርጥሬ ነበር» አለች ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «መኪናው የማን ነው? ስሙን ብቻ ይንገሩኝ፤ አጣርተን እናስተካክላለን።»

«ብነግርሽ እሷ ምን ትሆናለች?»

«ደብቃ ከሆነ ትሰረዛለች። በእሷ ቦታ እርስዎ ይገባሉ።»

«ሳትሰረዝስ? እኔን ከሥር ብትጨምሪኝ?»

«አይቻልም። ለዚህ ሰፈር የተፈቀደው ስልሳ ቤት ነው።»

«ደሀው ስልሳ ቤት ብቻ መሆኑን እንዴት አወቁ?»

ልጅቷ ብዕሯን አስቀመጠች። «አላወቁም፣ እናቴ። ገንዘቡ የሚበቃው ለስልሳ ነው። መጀመሪያ ገንዘቡ ነው የሚታወቀው፤ ከዚያ ደሀው በልኩ ይቆረጣል።»

እትዬ በረኪና ከወረፋው ወጣች። «ነገ እመጣለሁ» አለች።

ቤት ስትደርስ እማማ ነገሩን ሁሉ አስነገሯት። ከዚያ በዱላቸው መሬቱን መቱ። «ተናገሪ! አደራ ያስቀመጠችው መኪናዋን ነው። መኪናዋን በሰላም መልሰሻል። ውሸቷንም አደራ ያስቀመጠች እንደሆነ ለኔ አልነገረችኝም!»

«ልጆቹስ?»

«የሷ ልጆች እናት አላቸው። ያንቺን ጣት ማን ይወልደዋል?»

ሰፊዋ ይህን ከበሩ ውጭ ቆማ ሰምታ ኖሯል። ገባች፤ ፍራሹ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ተቀመጠች። «ንገሪያቸው፣ እትዬ» አለች። «ብትነግሪያቸው አልቀየምሽም። የመጀመሪያውን ክፍያ ተስፋ አድርጌ ግን ከእህል ነጋዴው ተበድሬያለሁ። ልጆቹ ጠግበው ማደር የጀመሩት ከትናንት ወዲያ ነው። ወይ ደግሞ እንካፈል። በየወሩ ግማሽ፣ እጅሽ እስኪድን። ልብሱንም አትጠቢ፤ የምናበስለውን አብረን እንበላለን።»

«ግማሽ ቁስል ይድናል?» አሉ እማማ።

የቀረውን ጊዜ እትዬ በረኪና እንዴት እንዳሳለፈችው አንድ ነገር ብቻ እናውቃለን፤ በየቀኑ ጠዋት ጫማዋን አጥባ አድርጋ እስከ ውጭው በር ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። በመጨረሻው ቀን ግን ሄደች። ወረፋውን ጠበቀች። ልጅቷ ወረቀቱን አዘጋጅታ፣ ብዕሩን ከፍታ ጠበቀቻት።

«የማን ነው?»

«የኔው ነው» አለች። «ያኔም ብያለሁ።»

ሰው ይህን ደግነት ይለዋል። እኔ ብዙ ባሰብኩ ቁጥር እንደሱ አይመስለኝም። አንድ ቦታ ለሁለት ሰው ሰጥተው አንዷ ሌላዋን ገፍትራ እንድትቀመጥ ጠየቋት፤ እሷ ደግሞ መግፋት የማትችል ሰው ናት። አለመቻል ነው እንጂ መምረጥ አልነበረም።

ክፍያው ተጀመረ። ሰፊዋ ቃሏን ጠበቀች። ገንዘቡን በተቀበለች በዚያው ቀን ግማሹን በመሐረብ ቋጥራ ወረደች፤ ማታ ማታም ልጆቿ ሳህን ይዘው እማማ አልጋ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። እትዬ በረኪና ለደንበኞቿ ሁሉ፣ «ለጥቂት ጊዜ ታምሜያለሁ» ብላ ላከች። ሳፋውን ገልብጣ ከቤቱ ኋላ አስቀመጠችው።

ዐሥር ሳምንት እጇ ውኃ አልነካውም። ፊቷን እንኳን የምታጥብላት የሰፊዋ ትልቋ ልጅ ነበረች። መጀመሪያ መግሉ ቆመ፤ ከዚያ የተሰነጠቀው ገጠመ፤ በስድስተኛው ሳምንት እንደ ሽንኩርት ልባስ የሳሳ ሮዝ ቆዳ ወጣ። በፀሐይ እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ትቀመጥና እንደ ሌላ ሰው ልጆች ታያቸዋለች። ሰላም ስትባል መዳፏን መስጠት ጀመረች፤ እኛም ልማድ ሆኖብን አንጓዋን ስንይዝ፣ «ኧረ ሙሉውን ውሰዱት!» እያለች ትስቃለች።

አንድ ቀን የእማማን ፊት በደረቅ ጨርቅ ስታብስ እማማ እጇን ያዙት። መዳፉን፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ።

«ይቺ የማን እጅ ናት?»

«የኔ ናት፣ እማማ።»

«አትዋሺኝ። ልጄ ሲያገባሽ የያዝኩት እጅ ነው ይሄ።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሦስተኛው ክፍያ በቀኑ አልመጣም። አንድ ሳምንት ተጠበቀ፤ ሁለት ተጠበቀ። ሰፊዋ ጽሕፈት ቤት ስትሄድ ዝርዝሩ በነበረበት ግድግዳ ላይ ሌላ ወረቀት ተለጥፏል፦ በበጀት እጥረት ምክንያት ክፍያው ላልተወሰነ ጊዜ ተቋርጧል። መዝጋቢዋ ታብሌቶቹን በካርቶን እያሸገች አገኘቻት። የሩቆቹ ከፋዮች ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ አዙረውታል፤ መንግሥትም እነሱ ካልከፈሉ የድርሻዬን ብቻዬን አልችልም ብሏል። «እኔም ከነገ ጀምሮ ሥራ የለኝም» አለች ልጅቷ። ግቢው እንደ ልማዱ ቀለደበት። «ለድህነት ስድስት ዓመት ሰጥተውት ነበር፤ እሱ በሁለት ወር ጨረሳቸው» ተባለ። የሳቀ ግን ጥቂት ነው።

ሰፊዋ መጥታ ስትነግራት እትዬ በረኪና ብዙ አልጠየቀችም።

«ያኔ ተናግረሽ ቢሆን…» አለች ሰፊዋ።

«ተናግሬ ቢሆንም የምቀበለው ሁለት ወር ነበር።»

«ሁለት ወር ሙሉውን።»

«ሙሉውን» አለች። ክፋት አልነበረባትም፤ እውነት ስለሆነ ነው የደገመችው።

የድሮ ደንበኞቿ አጣቢ ለውጠዋል፤ አንደኛዋ ማጠቢያ ማሽን ገዝታለች። ሥራ የተገኘው መናኸሪያው አጠገብ ባለ የእንግዳ ማረፊያ ነው። በቀን አርባ አንሶላ። የማያውቁት ሰው የተኛበት አንሶላ ስለሆነ በረኪናው የሚለካው በክዳን ሳይሆን በብርጭቆ ነው። እጇን በላስቲክ ከረጢት ጠቅልላ አንጓዋ ላይ በክር ታስራለች፤ እስከ ረፋዱ ድረስ ይይዛል፤ ከዚያ ውኃው ይገባና ውስጡ እንዳለ ይቀመጣል። አዲሱ ቆዳ አራት ቀን ቆየ። ሰፊዋ ሥራ ባልነበራት ቀን ሁሉ አብራት ሄዳ ትጨምቅላት ነበር፤ ግን የማረፊያው ኃላፊ፣ «የምከፍለው ለአንድ ሰው ነው» ብሎ ሁለተኛ እንዳትመጣ ከለከላት።

በአምስተኛው ሳምንት ትንሿ ጣቷ ጠቆረች። ሽታውን ከሁሉ አስቀድመው ያወቁት እማማ ናቸው። በዚያን ቀን በረኪና ብለው አልጠሯትም። «ልጄ፣ ነይ፤ ሐኪም ቤት ሂጂ» ብቻ አሉ።

ሰፊዋ ይዛት ሄደች። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የእጇን የራጅ ፎቶ ብርሃን ላይ አድርጎ አየ፤ ከዚያ እሷን ሳይሆን ሰፊዋን እያየ ተናገረ። «የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት መቆረጥ አለባቸው። ዛሬ። ከቆየ እጁን በሙሉ ይወስደዋል።»

እትዬ በረኪና ጣቶቿን አየች።

«የቀለበቷን ግድ የለም፣ ዶክተር» አለች። «ትንሿን ግን ተዉልኝ። አንሶላ ስጨምቅ ጫፉን የምትይዘው እሷ ነች፤ ያለ እሷ ይሾልካል።»

«ሁለቱም ናቸው፣ እናቴ። የባሰባት እንዲያውም ትንሿ ናት።»

ሰፊዋ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። እትዬ በረኪና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ የግራ እጇን እንደ ድሮው ከጭኗ ሥር አደረገችው፤ ቀኙ ነጩ ጨርቅ ላይ እንደተዘረጋ ነበር።

«እሺ» አለች። «ከተቆረጠ በስንት ቀን ውኃ ይነካል?»

ሐኪሙ ካርዱ ላይ መጻፍ ጀመረ።